አየርን ሞላ ያደረጉት ሰው፦ ኤድጋር ቪልቹርና የድምፅ ማጉያ ሣጥን

በአምቦ መናኸሪያ አካባቢ፣ በጉደር የገበያ ቀን፣ ወይም በጊንጪና በጌዶ ዋና መንገድ ዳር የሚያልፍ ሰው ከሙዚቃ ቤቶች በር ላይ ከተደረደሩት ሣጥኖች የሚወጣውን ድምፅ ሳይሰማ አያልፍም። ሣጥኑን ማንም ይሥራው ማን ሕዝቡ «ሞንታርቦ» ይለዋል፤ የአንድ የኢጣልያ ፋብሪካ ስም በአገራችን የዕቃው መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። በ2012 ዓ.ም. ሕይወቱ ያለፈው የአምቦ ልጅ የሃጫሉ ሁንዴሳ ድምፅ ዛሬም ከተማው ውስጥ የሚሰማው በእነዚሁ ሣጥኖች ነው። ይሁን እንጂ ሣጥኑ ለምን ሣጥን እንደሆነ፣ ስለምን ከኋላው እንደተደፈነ፣ ትንሽ ሆኖ እንዴት ወፍራም ድምፅ ሊያወጣ እንደሚችል የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናስታውሳቸው የወደድናቸው ሰው ይህን ጥያቄ ጠይቀው መልሱን ያገኙት አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር ናቸው። ቪልቹር እ.ኤ.አ. በግንቦት 1917 በኒው ዮርክ ከተማ ተወልደው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011፣ በ94 ዓመታቸው፣ በዚያው ግዛት በምትገኘው በዉድስቶክ አረፉ። አምቦን አላዩም፤ ስለ አምቦም አልጻፉም። ነገር ግን የፈጠራቸው ዋና መሠረት የአየር ግፊት ነው። የአየር ግፊት ደግሞ በምዕራብ ሸዋ ደጋ ላይ በባሕር ዳርቻ ካለው የተለየ ነው። የእርሳቸውን ሥራ ከዚህ ሆነን የምንመረምርበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ከሣጥኑ በስተጀርባ ያለው ችግር

በአንድ ስፒከር ውስጥ ያለው ነገር ጥቂት ነው፦ ማግኔት፣ በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ የሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅል፣ ከሽቦው ጋር የተያያዘ የወረቀት ሾጣጣ፣ እንዲሁም ሾጣጣውን ከብረት ክፈፉ ጋር የሚያገናኝ ተጣጣፊ ጠርዝ። ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን በለዋወጠ ቁጥር ሾጣጣው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል። ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል። ከኋላ የሳሳው አየር በጠርዙ በኩል ዞሮ ከፊት ከታመቀው ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ይጣፋሉ፤ ከድምፁም የሚተርፍ ጥቂት ነው።

ይህ መጣፋት ቀጭኑን ድምፅ ብዙም አይጎዳውም፤ የሞገዱ ርዝመት አጭር ነውና። የከበሮ ወይም የቤዝ ጊታር ድምፅ ግን ሌላ ነው። በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ፣ ማለትም የ40 ኸርዝ ድምፅ፣ የሞገዱ ርዝመት 8.6 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ላለ ሞገድ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስፒከር ፊቱና ኋላው እንደ አንድ ቦታ ነው። ስፒከሩን ከሣጥኑ አውጥቶ ባዶውን ያሰማ ጠጋኝ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ድምፁ የጣሳ ድምፅ ይሆናል፣ ወፍራሙም ይጠፋል።

የኋላውን ድምፅ ሣጥን ውስጥ ዘግቶ ማስቀረት ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ግን ሣጥን ውስጥ የተዘጋ አየር ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሾጣጣው ወደ ውስጥ ሲገባ ይታመቅና መልሶ ይገፋዋል፤ ሲወጣ ይሳሳና መልሶ ይስበዋል። በአጭሩ ሞላ ይሆናል። በዘመኑ ስፒከሮች ጠርዝ ላይ አንድ ጠንካራ ሞላ አስቀድሞ ነበረ፤ በዚህ ላይ የአየሩ ሞላ ሲጨመር ሾጣጣው ይበልጥ ይጠነክራል፣ በራሱ የሚርገበገብበት ድግግሞሽ ከፍ ይላል፣ ከዚያ በታች ያለው ወፍራም ድምፅም ይዳከማል። ስለዚህ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ጥሩ ወፍራም ድምፅ የፈለገ ሰው ሣጥኑን እንደ ቁም ሣጥን ማተለቅ ወይም ስፒከሩን በግድግዳ ውስጥ መትከል ነበረበት። የዘመኑ ሊቃውንት ሁሉ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን አየር እንደ ጠላት ነበር የሚያዩት።

የሥነ ጥበብ ታሪክ የተማሩት መሐንዲስ

ቪልቹር ትምህርታቸው ምሕንድስና አልነበረም። በኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥንተው በማስተርስ ዲግሪ ተመርቀዋል፤ ምኞታቸውም የቴአትር መድረክ ንድፍ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ አየር ኃይል የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ጥገና አሠልጥኖ ወደ ፓስፊክ ላካቸው። ከጦርነቱ ሲመለሱ በኒው ዮርክ ግሪኒች ቪሌጅ በተባለው ሠፈር የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈቱ፤ ሒሳቡንና የምሕንድስናውን ትምህርት በራሳቸው ጥረት አጠኑ፤ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስለ ድምፅ አባዛዝ የማታ ትምህርት ማስተማር ጀመሩ። ከጠጋኝነት ተነሥቶ እስከ መምህርነት የተደረሰበትን ይህን መንገድ በከተሞቻችን በሶልደርና በቴስተር የሚተዳደሩ ወጣቶች ልብ ሊሉት ይገባል እንላለን።

ቪልቹር ያስተዋሉት እንዲህ ነበር። የስፒከሩ ጠርዝና ሾጣጣውን መሐል ላይ የሚደግፈው ጨርቅ መጥፎ ሞላ ናቸው። የሁክን ሕግ ያስታውሷል፤ ጥሩ ሞላ በእጥፍ ሲጎተት በእጥፍ ይመልሳል። የወረቀትና የጨርቅ ሞላ ግን ጥቂት እስኪለጠጥ ድረስ ይታዘዝና ከዚያ ድንገት ይጠነክራል። ሾጣጣው ሰፊ ጉዞ የሚያደርገው በወፍራም ድምፅ ጊዜ ነውና ጉዳቱ የሚታየውም እዚያው ላይ ነው። ከአምፕሊፋየሩ ንጹሕ ሆኖ የመጣው ሞገድ ጫፉ ተጨፍልቆ ይወጣል፤ ጆሮም ያልነበረ ድምፅ ይሰማል። ድምፅ ተዛባ የምንለው ይህንን ነው።

የተዘጋ አየርስ? የቦይልን ሕግ የተማረ ተማሪ እንደሚያውቀው የአየር ግፊት ከይዘቱ ጋር በተገላቢጦሽ ይለዋወጣል። የይዘቱ ለውጥ ትንሽ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከመቶ አንድ ወይም ግማሽ እጅ፣ የግፊቱ ለውጥ ከይዘቱ ለውጥ ጋር በቀጥታ መስመር የሚሄድ ያህል ነው። እንግዲህ ሣጥን ውስጥ ያለው አየር፣ ሁሉም የሚሸሹት አየር፣ ከጨርቅና ከወረቀት እጅግ የተሻለ ሞላ ነው ማለት ነው። ቪልቹር ሐሳቡን ገለበጡት፦ ጠንካራውን ሞላ ከስፒከሩ ላይ እናንሣው፤ ሾጣጣው ከሣጥን ውጭ እስኪንጠለጠልና ለምንም እስከማይጠቅም ድረስ እናላላው፤ ሾጣጣውን የመመለስ ሥራ ለታሸገው አየር እንስጠው። ይህ ከተደረገ ሣጥኑ ትልቅ መሆን አያስፈልገውም። እንዲያውም ትንሽ መሆን ግዴታው ነው፤ ሣጥኑ ከሰፋ የአየሩ ሞላ ይደክማልና።

የመጀመሪያው የሙከራ ስፒከር ጠርዝ የተሠራው ከፍራሽ ጨርቅ ነበር። ጨርቁ የሚቆረጥበትን ንድፍ ያወጡት በጦርነቱ ጊዜ በንድፍ ሥራ ላይ የነበሩት ባለቤታቸው ሮዝሜሪ ናቸው። ስለ ፈጠራ በሚነገረን ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያሉ እጆች ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ።

ባለሙያው ፈጠራውን በወቅቱ ለታወቁ ፋብሪካዎች ሊሸጡት ቢሞክሩ የሚገዛ አላገኙም። በማታው ክፍል ግን አንድ ወጣት ወታደር ተማሪ ነበር፤ ሄንሪ ክሎስ ይባላል። ክሎስ በማሳቹሴትስ፣ ኬምብሪጅ ከተማ የስፒከር ሣጥን የሚሠራበት አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው። መምህርና ተማሪ በእ.ኤ.አ. 1954 አኮስቲክ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ኤ.አር. 1 ተብሎ የተጠራው የመጀመሪያ ምርታቸው በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሆኖ ሳለ ቁም ሣጥን ከሚያህሉት ዝቅ ያለና የጠራ ወፍራም ድምፅ አወጣ።

ሒሳቡ አምቦ ሲደርስ

እዚህ ላይ ቆም ብለን እርሳስና ወረቀት እናንሣ። የታሸገ አየር የሞላነቱ ጥንካሬ እንዲህ ይሰላል፦

ጥንካሬ = 1.4 × የአየር ግፊት × (የሾጣጣው ስፋት በራሱ ተባዝቶ) ÷ የሣጥኑ ይዘት

1.4 የገባው እርግብግቢቱ ፈጣን ስለሆነና የታመቀው አየር ሙቀቱን የሚያስወጣበት ጊዜ ስለሌለው ነው። ቪልቹር ሣጥኑን በመስታወት ጭረት ሲሞሉት ሙቀቱ ወደ ጭረቱ የሚገባበት ዕድል ስለሚያገኝ ቁጥሩ ወደ 1 ይጠጋል፤ ሣጥኑም በሒሳብ የሰፋ ያህል ይሆናል። ለጊዜው ጭረቱን እንተወውና ባዶውን ሣጥን እንውሰድ።

የሾጣጣውን ስፋት 0.05 ካሬ ሜትር፣ የሣጥኑን ይዘት 50 ሊትር እናድርግ፤ ከኤ.አር. 1 ብዙ የራቀ አይደለም። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 101,000 ፓስካል ያህል ነው። ጥንካሬው በሜትር 7,000 ኒውተን ገደማ ይሆናል፤ ሾጣጣውን አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ለመግፋት 700 ግራም የሚመዝን ዕቃ መጫን ያስፈልጋል እንደ ማለት ነው። ይህንኑ ሣጥን ወደ አምቦ እናምጣው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አሁን ለዚያችው አንድ ሚሊ ሜትር 550 ግራም ይበቃል። ሞላው ላላ ማለት ነው። ከአምቦ ዝቅ ወደምትለው ወደ ባኮ ብንወርድ ጥቂት ይጠነክራል፤ ወደ ወንጪ ተራራ ብንወጣ ደግሞ ይበልጥ ይላላል። እንጨቱ ያው ነው፣ ማግኔቱም ያው ነው፤ ከስፒከሩ ክፍሎች አንዱ፣ ያውም ዋናው፣ ሻጩ ያልሸጠውና ከተራራው የተገኘ ነው።

ይህ በድምፁ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል? ከጠቅላላው ሞላ አምስት እጁ አራቱን አየሩ፣ አንዱን ጨርቁ ይሰጣል እንበል። አምቦ ላይ ጠቅላላው ጥንካሬ ወደ 82 በመቶ ይወርዳል። ድግግሞሽ የሚለዋወጠው ከጥንካሬው ካሬ ሥር ጋር ስለሆነ ባሕር ዳርቻ ላይ በ40 ኸርዝ የሚርገበገበው ስፒከር አምቦ ላይ በ36 ኸርዝ ይርገበገባል። ዝቅ ወዳለ ድምፅ ለመድረስ ደጋው አግዞታል ማለት ነው። ግን ስጦታው ያለ ዋጋ አይደለም። አየሩ ሲሳሳ ክብደቱም ስለሚቀንስ ሾጣጣው ያንኑ ያህል ቢንቀሳቀስ የሚፈጥረው ድምፅ ከ2 ዴሲቤል በጥቂት በለጥ ብሎ ያንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዋት የሚገኘውን ድምፅ እዚህ ለማግኘት 165 ዋት ገደማ ያስፈልጋል።

ለንጽጽር አንድ ባዶ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ማንሣት ይበቃል። ባለ መስታወቱን ጠርሙስ በአፉ ላይ አግድም ቢነፉት «ቡ...» የሚል ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። በጠርሙሱ ሆድ ውስጥ ያለው አየር ሞላ ነው፤ በአንገቱ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ በሞላው ላይ የሚወዛወዝ ክብደት ነው። የጀርመኑ ሊቅ ሄልምሆልትስ በ19ኛው መቶ ዘመን የመረመረው ይህንን ነው። እዚህ ላይ አንባብያን አንድ ጥያቄ እንዲያስቡበት እንጠይቃለን፦ ይህ ጠርሙስ ወደ ጅቡቲ ቢወሰድ ድምፁ ይቀጥናል ወይስ ይወፍራል? ብዙዎች እንደ ስፒከሩ ይለወጣል ብለው ይመልሳሉ። አይለወጥም፤ ቢለወጥም በሙቀቱ ምክንያት ጥቂት ይቀጥናል እንጂ በግፊቱ ምክንያት አይደለም። ጅቡቲ ላይ ሞላው ቢጠነክርም በአንገቱ ያለው አየር በዚያው መጠን ይከብዳልና ሁለቱ ይካካሳሉ። የቪልቹር ስፒከር ግን ክብደቱ ወረቀትና ሽቦ ነው፤ ወረቀትና ሽቦ ደግሞ ተራራ ሲወጣ አይቀልም። ከኋላቸው ወይም ከፊታቸው ቀዳዳ ያላቸው የዛሬ ሣጥኖች የሁለቱ ድብልቅ ናቸው፤ የጠርሙሱም የስፒከሩም ሕግ ይሠራባቸዋል።

ገበያውና ፈተናው

የታሸገው ሣጥን ጉድለት አለበት፤ ኤሌክትሪክ ይበላል። ክሎስ ከጊዜ በኋላ ከቪልቹር ተለይቶ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሌላ ኩባንያ ሲመሠርት ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው አንቶን ሆፍማን ነገሩን በሒሳብ አሳይቶታል። ወፍራም ድምፅ፣ ትንሽ ሣጥንና በጥቂት ኤሌክትሪክ ብዙ ድምፅ፣ ሦስቱ በአንድነት አይገኙም፤ ሁለቱን የመረጠ ሦስተኛውን ይተዋል። በሠርግ ድንኳንና በሜዳ የምናያቸው ሞንታርቦዎች ግዙፍ የሆኑት በዚህ ሕግ ምክንያት ነው፤ ብዙ ሕዝብ ለማሰማት ሲባል ትንሽነት ተሠውቷል። ቪልቹር ግን ለመኖሪያ ቤት ይሠሩ ስለነበር የኤሌክትሪኩን ቁጠባ መተው መረጡ።

በእ.ኤ.አ. 1958 የወጣው ኤ.አር. 3 ለቀጭኑ ድምፅ ትንሽ ጉልላት መሰል ስፒከር ጨመረ። ጠፍጣፋና ሾጣጣ የነበረውን ወደ ጉልላት የለወጡት ድምፁ ፊት ለፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም እንዲሠራጭ ነው። ዛሬ በገበያ ላይ ያለ ጥሩ ስፒከር ሲከፈት ያ ጉልላት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አለ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኩባንያው ከአሜሪካ የስፒከር ገበያ ሲሶ ያህሉን ይዞ ነበር። በፈጠራ መብቱ ላይ ግን ክርክር ተነሥቶ፣ ከእርሳቸው በፊት የቀረበ ተመሳሳይ ሰነድ በመኖሩ ምክንያት መብቱ ሳይጸና ቀረ፤ ቪልቹርም ይግባኝ አላሉም። ሌሎች ፋብሪካዎች ሁሉ በነጻ ሠሩበት። በአውስትራሊያ ኔቪል ቲል በእ.ኤ.አ. 1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባወጧቸው ጽሑፎች የሣጥኑ አሠራር በቀመር ተደራጀ፤ የዛሬ ተማሪም በኮምፒዩተር የሚያሰላው በእነርሱ ቀመር ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የማረከን ቪልቹር ሥራቸውን የፈተኑበት መንገድ ነው። የዘመኑ ማስታወቂያ «ከእውነተኛው የማይለይ» የሚል ቃል ያበዛ ነበር። ኤ.አር. ቃሉን በአደባባይ ለፈተና አቀረበው። አንድ የገመድ መሣሪያ ተጫዋቾች ቡድን በአዳራሽ መድረክ ላይ ይጫወታል፤ በመካከሉ ቀስት ማንቀሳቀሱን ሳያቋርጥ መጫወቱን ያቆምና አስቀድሞ የተቀዳው ድምፅ ከስፒከሮቹ ይቀጥላል። አድማጩ መቼ እንደተለወጠ ይለይ። ብዙዎች መለየት አልቻሉም። ቅጂው የክፍል ማስተጋባት በሌለበት ሁኔታ የተቀዳ ነበር፤ አለበለዚያ የመቅጃው ክፍል ማስተጋባት በአዳራሹ ማስተጋባት ላይ ተደርቦ ያጋልጠዋልና። ይህ ብልሃት ቀላል ቢመስልም ከጀርባው ጥሩ የፊዚክስ እውቀት አለ። በአንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ አንድ የማሲንቆ ተጫዋች፣ መጋረጃና ሁለት ስፒከር ይዘን ልንደግመው የምንችለው ሙከራ ነው። መጋረጃው ደግሞ ፈተናውን ይበልጥ ያከብደዋል።

ኩባንያው በኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ውስጥ ምንም የማይሸጥበት ክፍል ከፍቶ መንገደኛው ገብቶ እንዲያዳምጥ ብቻ ያደርግ ነበር። ለሽያጭ የማይጎተጉት ሻጭ በየትም አገር ብርቅ ነው።

ከሣጥኑ ወደ ጆሮ

በእ.ኤ.አ. 1967 ቪልቹር ኩባንያቸውን ሸጡ። ሃምሳ ዓመታቸው ነበር፤ ገንዘብም ስምም ነበራቸው። ወደ ዉድስቶክ ቤታቸው ቤተ ሙከራ ገቡና ስለ ደንቆሮነት ማጥናት ጀመሩ።

የመስሚያ መሣሪያ በዚያን ጊዜ ሁሉንም ድምፅ በእኩል የሚያጎላ ትንሽ አምፕሊፋየር ነበር። ተጠቃሚዎቹም ያማርሩ ነበር። የውስጥ ጆሮው የተጎዳ ሰው ዝቅተኛውን ድምፅ አይሰማም፤ ከፍተኛውን ግን እንደ ጤነኛው ሰው ይሰማዋል፤ ይረብሸዋልም። አያት የልጅ ልጃቸው በሹክሹክታ ሲነግራቸው አይሰሙም፤ ጮክ ሲልባቸው «አትጩህብኝ!» ይላሉ። ሰዎች እንደ ጠባይ መለዋወጥ የሚቆጥሩት ይህ ነገር የጆሮው የሞላነት ሕግ መበላሸት ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም፤ ጆሮው እንደዚያ እንደ ጨርቁ ጠርዝ የገባበትንና የወጣበትን በእኩል አይመልስም። በስፒከሩ ቪልቹር መዛባቱን አስወገዱ። እዚህ ግን ተቃራኒውን አደረጉ፤ ሆን ብለው የሚዛባ መሣሪያ ሠሩ። ዝቅተኛውን ድምፅ ብዙ፣ ከፍተኛውን ጥቂት የሚያጎላ፣ ያውም ጉዳቱ በቀጭኑና በወፍራሙ ድምፅ እኩል ስላልሆነ ድግግሞሹን ከፋፍሎ እያንዳንዱን በየመጠኑ የሚያጎላ መሣሪያ ነው። ውጤቱን በእ.ኤ.አ. 1973 በአሜሪካ የአኮስቲክስ ማኅበር መጽሔት አወጡ፤ የፈጠራ መብት ግን አልጠየቁበትም።

ነገሩ ለእኛ ቅርብ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሞንታርቦ አጠገብ የሚውሉ ወጣቶች በየከተማው አሉ። በሥራ ቦታ ጤና ጥናት የተለመደው መለኪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ሲሆን 4 ሰዓት፣ 91 ሲሆን 2 ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ሲደርስ ሩብ ሰዓት ነው የሚፈቀደው። በውስጥ ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ በሰው ልጅ ላይ መልሰው አይበቅሉም። ባለ ሱቁ ልጅ በመጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ «ሰ»ን ከ«ፈ» መለየት ያስቸግረዋል፤ ከዚያም ሳያውቀው ቁልፉን ይበልጥ ያዞረዋል።

የቪልቹር ጽሑፍ ለዓመታት ብዙ ተከታይ አላገኘም። የቤል ቤተ ሙከራው መሐንዲስ ፍሬድ ዋልድሃወር ግን ሐሳቡን ከራሳቸው ከቪልቹር ሰምቶ ባልደረቦቹን ወደ ሥራው አስገባ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻም ሪሳውንድ የተባለ ኩባንያ በዚሁ መንገድ የተሠራ መስሚያ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በሰው ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ዘመናዊ መስሚያዎች በአብዛኛው ድምፁን ከፋፍለው ዝቅተኛውን የሚያነሡት ቪልቹር በነጻ በለቀቁት ዘዴ ነው።